የማይጮህ ግን የሚያቀዘቅዝ ፋን፦ ለዴስክቶፕ ኮምፒውተር አመራረጥና አገጣጠም

ኮምፒውተር ሲጮህ ብዙ ሰው ቀጥ ብሎ ሱቅ ይሄዳል። ባለ ቀለም መብራት ፋን ያያል፤ ካርቶኑ ላይ «ሳይለንት» ተብሎ ተጽፏል፤ ይገዛል። ቤት ወስዶ ሲገጥመው ጩኸቱ ያው ነው። አንዳንዴ እንዲያውም ብሶበት ቁጭ ይላል።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ፋን ዝም የሚለው ቀስ ብሎ ሲዞር ነው። በጣም ውዱም ፋን በሙሉ ፍጥነቱ ሲዞር ይሰማል። ተራውም በግማሽ ፍጥነቱ ሲዞር ላይሰማ ይችላል። ስለዚህ ሥራችን ኮምፒውተሩ ሳይግል ፋኑ ቀስ ብሎ እንዲዞር ማመቻቸት ነው። ግዢው የዚህ ሥራ አንዱ ክፍል ነው፤ ትልቁ ክፍል ግን አይደለም።

1. መጀመሪያ የሚጮኸውን ለዩ

አንድ ዴስክቶፕ ውስጥ ድምፅ የሚያወጣው ነገር ብዙ ነው። የፕሮሰሰሩ ፋን አለ፣ የኬዙ ፋኖች አሉ፣ የግራፊክስ ካርዱና የፓወር ሰፕላዩ ፋን አለ፣ ከዚያ ደግሞ የድሮው ዓይነት ሃርድ ዲስክ። የኬዙን ፋን ቀይራችሁ የሚጮኸው የግራፊክስ ካርዱ ከሆነ ብሩ ሜዳ ላይ ቀረ።

የኬዙን የጎን ክዳን ክፈቱ። ኮምፒውተሩን የሚያስጮኸውን ሥራ አስጀምሩት፤ ጌም ከሆነ ጌሙን፣ ቪዲዮ ከሆነ ኤክስፖርቱን። ከዚያ ካለቀ የሶፍት ጥቅል የቀረችውን የካርቶን ቱቦ አምጡ። አንዱን ጫፍ ጆሯችሁ ላይ አድርጉ፣ ሌላውን ወደ እያንዳንዱ ፋን አስጠጉ፤ ክንፉን ግን እንዳይነካ። ሲያዩት ያስቃል፣ ግን ይሠራል። ድምፁ ከየት እንደሚመጣ ወዲያው ይለያል።

የድምፁ ዓይነትም ይናገራል። «ጠቅ ጠቅ ጠቅ» የሚል ከሆነ ወይ ኬብል ክንፉን እየነካው ነው፣ ወይ ኩሽኔታው አልቋል። ወፍራም «ግርርር» ከሆነ መዳፋችሁን ኬዙ ላይ ጫን አድርጉ። ሲጫኑት ከጠፋ ጥፋቱ የንዝረት ነው፤ የላላ ብሎን ወይም ሃርድ ዲስክ ይሆናል። ጌም ሲከፈት ብቻ የሚሰማ ቀጭን «ሲ...» ደግሞ ብዙ ጊዜ ከግራፊክስ ካርዱ የኤሌክትሪክ መጠምጠሚያዎች የሚመጣ ነው። እሱን በዓለም ላይ ያለ ምንም ፋን አያስቆመውም። የጌሙን ፍሬም በሰከንድ መገደብ ግን ብዙ ጊዜ ይቀንሰዋል።

የሚጮኸው ፓወር ሰፕላዩ ከሆነ ሙሉውን ቀይሩት እንጂ ከፍታችሁ ፋኑን ለመለወጥ አትሞክሩ። ውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች ገመዱ ከግድግዳ ከተነቀለ በኋላም ኤሌክትሪክ ይይዛሉ። ለሕይወት የሚያሰጋ ነገር ነው።

ክዳኑ ተከፍቶ እያለ አንድ ሌላ ፈተና አለ። የኮምፒውተሩን ሙቀት የሚያሳይ ነፃ ፕሮግራም ጫኑ፤ ኤችደብሊውኢንፎ ጥሩ ነው። ክዳኑን ዘግታችሁ ኮምፒውተሩን ግማሽ ሰዓት ያህል አሠሩት፣ የፕሮሰሰሩንና የግራፊክስ ካርዱን ሙቀት ጻፉ። ከዚያ ክዳኑን ከፍታችሁ ያንኑ ሥራ ድገሙ። ሙቀቱ በደንብ ከወረደ፣ ማለትም አምስት ስድስት ዲግሪና ከዚያ በላይ፣ ችግሩ የኬዙ አየር ነው። የኬዝ ፋን መግዛት ያዋጣል። ምንም ካልተለወጠ ግን አየር አልጎደለም። ችግሩ ፕሮሰሰሩ ላይ ነው፤ ሂት ሲንኩ (ፕሮሰሰሩ ላይ ተቀምጦ ሙቀቱን የሚያስወጣው ብረት) በአቧራ ተደፍኗል ወይም ተርማል ፔስቱ (በሁለቱ መካከል ተቀብቶ ሙቀት የሚያሻግረው ቅባት) ደርቋል።

ስለ አቧራ ከተነሳ፣ ግዢውን ከማሰባችሁ በፊት ኮምፒውተሩን አጽዱት። የሂት ሲንኩ ስስ አሉሚኒየሞች መሃል የተጋገረ አቧራ አየሩን ይዘጋል። ፕሮሰሰሩ ይግላል፣ ፋኑም ሊያካክስ ይሮጣል። ፔስቱ ከተቀየረ ዓመታት ካለፉ እሱንም ቀይሩ። ከነዚህ ሁለት ሥራዎች በኋላ ኮምፒውተሩ ዝም ካለ ገንዘባችሁ ኪሳችሁ ቀረ ማለት ነው። ይህን ጽሑፍ እዚህ ላይ ማቆም ትችላላችሁ።

2. ቦታውን ለኩ፣ ከዚያ የሚገባውን ትልቁን ምረጡ

የኬዝ ፋን በተለመዱ መጠኖች ይመጣል፦ 80፣ 92፣ 120 እና 140 ሚሊ ሜትር። ይህ የፍሬሙ ጎን ርዝመት ነው። የብሎን ቀዳዳዎቹን ርቀት ለክታችሁ ሱቅ ብትሄዱ ግራ ትጋባላችሁ፤ የ120ው ፋን ቀዳዳዎች የሚራራቁት በ105 ሚሊ ሜትር፣ የ140ው በ124.5፣ የ92ቱ በ82.5፣ የ80ው ደግሞ በ71.5 ነው። ውፍረቱ አብዛኛውን ጊዜ 25 ሚሊ ሜትር ነው። ቦታ ለጠበበው 15 ሚሊ ሜትር የሆነ ስስም አለ። ስሱን ግን ሌላ አማራጭ ካለ አልመክርም፤ ያንኑ አየር ለመግፋት የበለጠ መሮጥ አለበት።

ኬዙ 140 የሚቀበል ከሆነ 140 ግዙ። ካልሆነ 120። ትልቅ ክንፍ በአንድ ዙር ብዙ አየር ስለሚገፋ ቀስ ብሎ መዞር ይችላል።

አሁን ዋናው ነገር መጣ። እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ። የአንድ ፋን ፍጥነት በግማሽ ሲቀንስ የሚገፋው አየር በግማሽ ይቀንሳል። ድምፁ ግን በ15 ዲሲቤል ገደማ ይቀንሳል። ለሰው ጆሮ 10 ዲሲቤል ሲወርድ ድምፁ በግማሽ የቀነሰ ያህል ይሰማል። ስለዚህ 15 ማለት ትልቅ ለውጥ ነው።

በዚህ ላይ ተመሳሳይ ሁለተኛ ፋን ጨምሩበት። ሁለት እኩል የሚጮሁ ነገሮች አንድ ላይ ሲሆኑ ድምፁ በ3 ዲሲቤል ብቻ ይጨምራል። እንደምሩ፦ ሁለት ፋን በግማሽ ፍጥነት፣ አንዱ በሙሉ ፍጥነት ሲሮጥ የሚገፋውን ያህል አየር ይገፋሉ፤ ድምፃቸው ግን ከእሱ ወደ 12 ዲሲቤል ያነሰ ነው። ለጸጥታ ከዚህ የተሻለ ስሌት የለም። አንድ የሚሮጥ ፋን ከመግዛት ሁለት የሚያዘግሙ ይሻላሉ የምለው ለዚህ ነው።

ስሌቱ አንድ ጉድለት አለበት። ፍጥነቱ በግማሽ ሲቀንስ የፋኑ የመግፋት ኃይል ወደ ሩብ ይወርዳል። ፊት ለፊቱ ክፍት ከሆነ ግድ የለም። ጥቅጥቅ ያለ የአቧራ ማጣሪያ፣ የውሃ ማቀዝቀዣ ራዲያተር ወይም መስታወት የተለጠፈበት የኬዝ ፊት ካለ ግን ቀስ ብሎ የሚዞር ደካማ ፋን አየሩን አያሳልፈውም፣ ቦታው ላይ ያማስለዋል እንጂ። ፊቱ በመስታወት ተዘግቶ አየር በጠባብ ስንጥቅ ብቻ የሚያስገባ ኬዝ ካላችሁ፣ ለዚህ ነው ሁሌ የሚጮኸው። ፋን ከመቀየር ፊቱ በወንፊት የተሠራ ኬዝ መግዛት አንዳንዴ ይረክሳል።

3. ካርቶኑ ላይ ያሉትን ቁጥሮች እንዴት እንመን

አራት ቁጥሮች ታያላችሁ። በደቂቃ ስንት ዙር እንደሚዞር፣ የአየሩ መጠን በሲኤፍኤም (በደቂቃ ኪዩቢክ ጫማ) ወይም በሰዓት ሜትር ኩብ፣ የመግፋት ኃይሉ በውሃ ሚሊ ሜትር፣ እና ድምፁ በዲሲቤል። አንድ ሲኤፍኤም በሰዓት ወደ 1.7 ሜትር ኩብ ነው።

የሲኤፍኤሙ ቁጥር የተለካው ከፊትም ከኋላም ምንም በሌለበት ክፍት አየር ላይ ነው። ኬዝ ውስጥ ሲገባ በብዙ ያንሳል። የዲሲቤሉን ቁጥር ደግሞ ከአንድ ኩባንያ ወደ ሌላ ኩባንያ አታወዳድሩ። አንዱ ከአንድ ሜትር ርቀት ይለካል፣ ሌላው ከግማሽ ሜትር፣ ሌላው የት ሆኖ እንደለካ አይናገርም። ስሙ የማይታወቅ ፋን ካርቶን ላይ «18 ዲሲቤል» ከ«2000 ዙር» ጋር ጎን ለጎን ካያችሁ ሳቅ ብላችሁ እለፉ።

እኔ መጀመሪያ የማየው ማንም የማያየውን ቁጥር ነው፦ ዝቅተኛውን ፍጥነት። ስንት ድረስ ቀስ ማለት ይችላል? ለምሳሌ የአርክቲክ ፒ12 ፒደብሊውኤም ፋን ከ200 እስከ 1800 ዙር ይሠራል፤ 56.3 ሲኤፍኤም እና 2.2 ሚሊ ሜትር የመግፋት ኃይል ተጽፎለታል። የኦስትሪያው ኖክቱዋ ኤንኤፍ-ኤ12ክስ25፣ ያ ቡናማና ክሬም ቀለም ያለው፣ 2000 ዙር ላይ 60.1 ሲኤፍኤም፣ 2.34 ሚሊ ሜትር እና 22.6 ዲሲቤል ይላል። በክንፉ ጫፍና በፍሬሙ መካከል ያለው ክፍተት ግማሽ ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። አየሩ በጠርዙ ወደ ኋላ ሾልኮ እንዳይመለስ ነው እንዲህ የተጠበበው። ይህን ክፍተት ሱቅ ውስጥ በዓይናችሁ ማየት ትችላላችሁ። ርካሽ ፋን ላይ ሰፊ ነው፣ ክንፉም ሲነኩት ይወዛወዛል።

ኖክቱዋው በጣም ጥሩ ፋን ነው፣ ክርክር የለውም። ዋጋው ግን የአርክቲኩ ብዙ እጥፍ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ለአብዛኛው ሰው ያን ያህል አይደለም። ሁለት ሦስት ፒ12 ገዝቶ በቀስታ ማዞር የተሻለ ውጤት ይሰጣል ባይ ነኝ። ውዱን መግዛት ካለባችሁ የፕሮሰሰሩ ሂት ሲንክ ወይም ራዲያተር ላይ አድርጉት፤ ልዩነቱ እዚያ ይታያል።

ከአዲስ አበባ ለሚያነቡ አንድ ነገር ልጨምር። ካርቶኑ ላይ ያለው ቁጥር የተሰላው ለባሕር ጠለል አየር ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ አየሯ በሩብ ገደማ የሳሳ ነው። ፋኑ ያንኑ መጠን አየር ቢገፋም የሚሸከመው ሙቀት በዚያው ልክ ያንሳል። 300 ዋት የሚያወጣ ኮምፒውተርን አየሩ ከ10 ዲግሪ በላይ ሳይሞቅ ለማቀዝቀዝ ባሕር ጠለል ላይ ወደ 53 ሲኤፍኤም ይበቃል። አዲስ አበባ ላይ ወደ 70 ያስፈልጋል። ደግነቱ የክፍሉ አየር ራሱ ቀዝቃዛ ስለሆነ ያካክሰዋል። ድሬዳዋ ወይም ሰመራ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። አየሩ ወፍራም ነው፣ ግን ሲገባ ገና ትኩስ ነው። ሁለቱም ቦታ መፍትሔው አንድ ነው፦ አንድ ፋን ከምትፈልጉት በላይ ግዙ፣ ሁሉንም ቀስ አድርጋችሁ አዙሩ።

4. ኩሽኔታው ምን ዓይነት ነው

ካርቶኑ ላይ ስሊቭ፣ ራይፍል፣ ሃይድሮሊክ፣ ፍሉዊድ ዳይናሚክ ወይም ቦል ቤሪንግ የሚል ይኖራል። ስሊቭ ርካሹ ነው። አዲስ እያለ ጸጥ ያለ ነው፣ ቅባቱ ሲደርቅ ግን መንጫጫት ይጀምራል፤ ጣሪያው ላይ ተኝቶ ሲገጠም ደግሞ ቶሎ ያልቃል። ቦል ቤሪንግ ሙቀት ይችላል፣ ዕድሜውም ረጅም ነው፣ ግን ከመጀመሪያው ትንሽ ሸካራ ድምፅ አለው። ለመኝታ ክፍል ወይም ለሥራ ጠረጴዛ ፍሉዊድ ዳይናሚክን ፈልጉ። ስለ ኩሽኔታው ምንም ያልተጻፈበት ካርቶን ውስጥ ያለው ስሊቭ ነው ብላችሁ ገምቱ።

5. ስንት ፒን አለው?

ይህ ላይ ብዙ ሰው ይሸወዳል። ባለ 4 ፒን ፋን ፒደብሊውኤም ይባላል። ማዘርቦርዱ በአራተኛው ሽቦ ምልክት እየላከ ፍጥነቱን ይቆጣጠረዋል። ባለ 3 ፒኑ አራተኛው ሽቦ ስለሌለው ፍጥነቱ የሚቀየረው የሚላክለትን 12 ቮልት በመቀነስ ነው። ሁለቱም ይሠራሉ። ባለ 3 ፒን ፋን ባለ 4 ፒን ቦታ ላይ ይሰካል፤ ባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚከፈተው የማዘርቦርዱ ማስተካከያ ገጽ) ውስጥ ገብታችሁ «ዲሲ» ካልመረጣችሁለት ግን በሙሉ ፍጥነት ሊሮጥ ይችላል። ብዙ «አዲስ ፋን ገዛሁ፣ ይጮሃል» የሚሉ አቤቱታዎች በዚህች አንዲት ምርጫ ይፈታሉ።

ሦስተኛው ዓይነት ከማዘርቦርዱ ጋር ጭራሽ የማይገናኝ ነው። በትልቁ ባለ 4 ቀዳዳ ሞሌክስ ሶኬት በቀጥታ ከፓወር ሰፕላይ ይወስዳል። ባለ መብራት ርካሽ ፋኖች ብዙዎቹ እንዲህ ናቸው። ሦስት በአንድ ካርቶን፣ ሪሞት ሳይቀር አላቸው። ሪሞቱ አንዳንዴ የሚቀይረው ቀለሙን ብቻ ነው፤ ፍጥነታቸውን ባዮስ አያውቀውም። ኮምፒውተሩ ሥራ ቢፈታም ባይፈታም ያው ይሮጣሉ። ጸጥታ ከፈለጋችሁ አትግዙ። ሻጩን «ይሄ ማዘርቦርድ ላይ ይሰካል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ሶኬቱንም አሳዩኝ በሉ።

ማዘርቦርዳችሁ ላይ የፋን ቦታ ካነሰ ማከፋፈያ ኬብል አለ። አንድ የፋን ቦታ በተለምዶ 1 አምፔር ይችላል። ተራ 120 ሚሊ ሜትር ፋን ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከ0.1 እስከ 0.3 አምፔር ነው የሚወስደው። ሦስት ፋን በአንድ ላይ ማሠራት ይቻላል ማለት ነው። የፋኑ ጀርባ ላይ የተለጠፈውን የአምፔር ቁጥር ደምሩና አረጋግጡ።

6. የት ላይ፣ ስንት፣ ወደየት

አንድ መስኮት ብቻ የተከፈተበት ቤት ነፋስ እንደማያልፍበት ሁሉ፣ ኬዝም መግቢያና መውጫ ይፈልጋል። ለአብዛኛው ሰው ፊት ሁለት የሚያስገቡ፣ ኋላ አንድ የሚያስወጣ ይበቃል። ሙቅ አየር ወደ ላይ ስለሚሄድ የጣሪያ ፋን የግድ ነው የሚሉ አሉ። ፋን የሚገፋው አየር ግን ሙቀት በራሱ ከሚነሳበት ፍጥነት እጅግ ይበልጣል። የጣሪያ ፋን ራዲያተር ከሌላችሁ ይቅርባችሁ፤ ከላይ ለሚመጣ አቧራና ድምፅ ቀዳዳ መክፈት ነው።

የሚያስገቡት ከሚያስወጡት ትንሽ ቢበልጡ ይመረጣል። ያኔ ትርፉ አየር በየስንጥቁ ወደ ውጭ ይወጣል። ሲገለበጥ ግን በየስንጥቁ አቧራ ይጠባል። አቧራ ለበዛበት ሰፈር ይሄ ትልቅ ልዩነት ነው። ከፊት ላሉት ማጣሪያ አድርጉላቸው፣ ግን የሚታጠብ ይሁን።

የቱ በኩል ነው አየሩ የሚወጣው? ፋኑን አዙሩና እዩ። ሞተሩን የሚይዙት አሞሌዎችና ስቲከሩ ያሉበት ጎን መውጫው ነው። ንጹሑ ጎን መግቢያ ነው። አንዳንዱ ፍሬም ላይ ቀስትም አለ። ከተገጠመ በኋላ ለማረጋገጥ ከኬዙ ውጭ በኩል አንዲት ቁራጭ ሶፍት አስጠጉ። የሚያስገባው ፋን ላይ ትለጠፋለች፣ ከሚያስወጣው ትሸሻለች።

7. አገጣጠሙ

ኮምፒውተሩን ዝጉ፣ ገመዱን ከግድግዳ ንቀሉ፣ የማብሪያ ቁልፉን አንዴ ተጫኑት። የቀረችው ኤሌክትሪክ ትወጣለች። ከመንካታችሁ በፊት የኬዙን ባዶ ብረት ንኩ።

የድሮውን ፋን ሶኬት ስታወጡ ሽቦውን አትጎትቱ፣ ፕላስቲኩን ያዙ። አዲሱን አራቱንም ብሎን በትንሹ አስይዙ፤ ከዚያ በሰያፍ ተቃራኒ የሆኑትን እያፈራረቃችሁ አጥብቁ። የፋን ብሎን ፕላስቲኩን ራሱ እየቆረጠ ነው የሚገባው። ካቻቢቴውን ቀጥ አድርጋችሁ ያዙ፤ ሲቆም አቁሙ። ከልክ በላይ ከጠበቀ ፍሬሙ ይጣመማል፣ ክንፉም ይነካዋል።

ከፋኑ ጋር የጎማ ማያዣ ከመጣ በብሎኑ ፈንታ እሱን ተጠቀሙ፤ ንዝረት ወደ ኬዙ እንዳይተላለፍ ያደርጋል። ጭራውን በፒንሳ እየሳባችሁ አስገቡ። ጭራውን ለመቁረጥ ግን አትቸኩሉ፤ ወደፊት ማውጣት ሊያስፈልግ ይችላል። በመጨረሻ ኬብሉን በፕላስቲክ ማሰሪያ ከክንፉ አርቃችሁ እሰሩ።

8. ፍጥነቱን ማስተካከል

አብዛኛው ጸጥታ የሚገኘው እዚህ ነው፤ ብዙ ሰው ግን እዚህ ሳይደርስ ያቆማል። ማዘርቦርድ ከፋብሪካ ሲመጣ ፋኑን ለማስፈራራት የተስተካከለ ይመስላል፤ ትንሽ ሙቀት ሲያይ ያስሮጠዋል።

ኮምፒውተሩ ሲነሳ ዲሊት የሚለውን ቁልፍ ወይም ኤፍ2 ተጭናችሁ ባዮስ ግቡ። የፋኑ ገጽ አሱስ ላይ ኪው-ፋን፣ ጊጋባይት ላይ ስማርት ፋን ይባላል። ባዮስ ውስጥ መነካካት የማይመቻችሁ ከሆነ ዊንዶውስ ላይ ፋን ኮንትሮል የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ።

መጀመሪያ የፋናችሁን የጸጥታ ፍጥነት ፈልጉ። ማታ፣ ሰፈሩ ጸጥ ሲል፣ ኬዙን ዝጉና ወንበራችሁ ላይ ተቀመጡ። ፋኑን ከ100 በመቶ ጀምራችሁ በትንሽ በትንሹ አውርዱት። የሆነ ቦታ ላይ ድምፁ ከክፍሉ ድምፅ ጋር ይቀላቀልና ይጠፋል። ለ120 ሚሊ ሜትር ፋን ብዙ ጊዜ ከ700 እስከ 1000 ዙር መካከል ነው። ይህን ቁጥር ጻፉት። ማንኛውም ካርቶን ላይ ካለ ቁጥር ይበልጣል፤ የእናንተ ጆሮ፣ የእናንተ ክፍል ነው።

ከዚያ መስመሩን ሥሩ፤ ማለትም በየሙቀቱ ፋኑ በስንት በመቶ እንደሚዞር ወስኑ። ለፕሮሰሰሩ ፋን ጥሩ መነሻ ይሄ ነው፦ እስከ 50 ዲግሪ 30 በመቶ፣ 65 ዲግሪ ላይ 40፣ 75 ላይ 55፣ 85 ላይ 80፣ 90 ላይ 100። ዋናው ነገር የዕለት ሥራችሁ በሚውልበት ሙቀት የፋኑ ፍጥነት ከጸጥታው ፍጥነት በታች እንዲሆን ነው። 70 ዲግሪ ሲያዩ የሚደነግጡ አሉ። አያስደነግጥም። አብዛኞቹ የኤኤምዲ ራይዘን 7000 ፕሮሰሰሮች እስከ 95 ዲግሪ ድረስ እንዲሠሩ ተደርገው የተሠሩ ናቸው፤ ብዙ የኢንቴል ፕሮሰሰሮችም ገደባቸው 100 ነው። ፋኑን ከ20 ወይም ከ30 በመቶ በታች ስታወርዱት አንዳንዱ ይቆማል፣ ወይም ለመነሳት ይንተፋተፋል። ያ ከሆነ ትንሽ ከፍ አድርጉት።

አሁን በጣም የሚያበሳጨው ችግር። ዘመናዊ ፕሮሰሰር ብሮውዘር ስትከፍቱ ብቻ በሰከንድ ውስጥ 20 ዲግሪ ሊዘል ይችላል። ወዲያው ይመለሳል። ፋኑ ግን ይከተለዋል፤ ሽው ይላል፣ ዝም ይላል፣ ሽው ይላል። ሰው የሚሰለቸው ከቋሚ ድምፅ ይልቅ በዚህ መለዋወጥ ነው። ባዮሱ ውስጥ «ስቴፕ አፕ» ወይም «ስሙዚንግ» የሚል የማዘግያ ሰዓት ታገኛላችሁ፤ አራት አምስት ሰከንድ አድርጉት። ሂት ሲንኩ ለዚያ ያህል ጊዜ ሙቀቱን ችሎ ይቆያል፣ ፋኑም በረባ ባረባው አይሮጥም። የኬዙን ፋኖች ደግሞ ከተቻለ ከፕሮሰሰሩ ይልቅ በግራፊክስ ካርዱ ሙቀት እንዲመሩ አድርጉ። ጌም ስትጫወቱ አብዛኛውን ሙቀት የሚያወጣው እሱ ነው፣ ሙቀቱም ቀስ ብሎ ነው የሚቀየረው።

ሁሉንም ካስተካከላችሁ በኋላ «ው... ው... ው...» እያለ ከፍ ዝቅ የሚል ድምፅ ብትሰሙ አትገረሙ። ተመሳሳይ ሁለት ፋኖች እኩል ለመዞር ተቃርበው ትንሽ ሲለያዩ የሚፈጠር ነው። አንዱ 1000 ሌላው 1015 ዙር ከሆነ፣ ዘጠኝ ክንፍ ያለው ፋን ላይ ድምፁ በሰከንድ ሁለት ጊዜ ያህል ይወዛወዛል። አንዱን በ50 ወይም በ100 ዙር ዝቅ አድርጉት፤ ይጠፋል። አንድ የተወሰነ ፍጥነት ላይ ብቻ የሚያጉረመርም ፋንም ያጋጥማል። መስመሩ ያንን ፍጥነት ቶሎ ዘልሎ እንዲያልፍ አድርጉት እንጂ ፋኑን አትጣሉት።

9. ያገለገለ የቢሮ ኮምፒውተር ላላችሁ

ከውጭ ያገለገሉ ሆነው የሚገቡት ዴል ኦፕቲፕሌክስና ኤችፒ የቢሮ ማሽኖች የራሳቸው ጠባይ አላቸው። አንዳንድ የዴል ሞዴሎች የፋን ሶኬታቸው ባለ 5 ፒን ነው፤ ሱቅ ያለው ተራ ፋን አይሰካባቸውም። ያለ አስማሚ ብታስገድዱትም ወይም ፋኑን ብትነቅሉት ኮምፒውተሩ ሲነሳ ፋን ጠፍቷል ብሎ ያስቆማችኋል፣ ኤፍ1 ካልተጫናችሁም አይቀጥልም። ባዮሳቸው ደግሞ ብዙ ጊዜ ፍጥነት ማስተካከያ የለውም።

እነዚህ ላይ ያለው አማራጭ ጠባብ ነው። በደንብ አጽዱ፣ ፔስቱን ቀይሩ። ፋኑ ካለቀ ጀርባው ላይ ያለውን የዕቃ ቁጥር ፎቶ አንስታችሁ ያንኑ ቁጥር ፈልጉ፤ ከተበላሸ ተመሳሳይ ማሽን የወጣ ሊገኝ ይችላል። ፕሮሰሰሩ ላይ የተደፋውን ጥቁር ፕላስቲክ ሽፋን አውልቃችሁ አትጣሉ። አየሩን ከፊት ወደ ኋላ በሂት ሲንኩ መሃል የሚመራው እሱ ነው።

10. ከዚያ በኋላ

ግማሽ ሰዓት የሚፈጅ ከባድ ሥራ ስጡትና መጀመሪያ ከጻፋችሁት ሙቀት ጋር አወዳድሩ፤ ክፍሉ በዚያው ሰዓት እንደዚያው የሞቀ ይሁን። ሙቀቱ እኩል ሆኖ ድምፁ ከወረደ ተሳክቷል። በስልክ አፕ ድምፅ ለመለካት አትድከሙ፤ የስልክ ማይክ እንዲህ ዝቅ ያለውን ድምፅ በደንብ አይለካም።

አቧራውን በየጥቂት ወሩ አጽዱ። አንዳንድ ሰው ኮምፒውተሩን ጎሚስታ ቤት ወስዶ በኮምፕሬሰር ያስነፋዋል። ግፊቱ ከልክ ያለፈ ነው፣ አየሩም ከነውሃ ጠብታው ሊመጣ ይችላል። ለስላሳ ብሩሽና በእጅ የሚጨመቅ መንፊያ ይበቃል። በምንም ብትነፉ ግን ክንፉን በጣታችሁ ያዙት። ሲነፋ ከተለቀቀ ከተሠራበት ፍጥነት በላይ ይሽከረከርና ኩሽኔታው ይጎዳል፤ ሲዞርም ራሱ ኤሌክትሪክ እያመነጨ ወደ ማዘርቦርዱ ሊመልስ ይችላል።